የባለባርኔጣው ድምፅ

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንድ ሰው አፍ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሰውየው ባርኔጣ ያደርጋል፤ ዝናብ በማያባራበት ጥቁርና ነጭ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ሥራው ሰዎች የደበቁትን ነገር እየፈለጉ ማግኘት ነው። ተዋናዩ በየፊልሙ ይለያያል፤ ለእኔ ግን ሁሉም ያው ባለባርኔጣው ናቸው። እነሱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ እኔ በእኛ ቋንቋ እናገርላቸዋለሁ። እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ሰኞ ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ ሻጯ ቀና ብላ ሳታየኝ በድምፄ ታውቀኛለች። «መርማሪው፣ ስንት ኪሎ?» ትለኛለች።

የእነዚህ አሮጌ ፊልሞች ምናቸው እንደሚጥም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፀጉር አስተካካዬ ገዳዩን ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ ፊልሙን ሦስቴ አይቶታልና። ግን ሱቁን ዘግቶ ለአራተኛ ጊዜ ያያል። መኪኖቹ ይንቀራፈፋሉ፤ ድብድቡ የሁለት አማቾች መገፋፋት ይመስላል። ታዲያ ምኑ ነው? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ አንድ የደከመው ሰውዬ፣ የተደበደበ፣ ሁሉም የዋሸው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ይቆምና «አንተ ነህ ያደረግከው፤ ያደረግከውም በዚህ ምክንያት ነው» ይላል። አለቀ። እኛ ጋ እንዲህ የሚል የለም። እኛ ጋ «በተደረገው ግምገማ መሠረት» የሚል ደብዳቤ ነው የሚመጣው፤ ማን ገመገመ፣ ለምን ገመገመ ብትል ማኅተም ያደረገችው ጸሐፊ እንኳ አታውቅም። ሰው እሁድ እሁድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ያችን የመጨረሻ ክፍል ነው ባይ ነኝ።

የምንሠራበት ስቱዲዮ ድሮ ዕቃ ማከማቻ ነበር። ግድግዳው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል፤ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ትንሽ ስክሪን አለ። ከመስታወቱ ማዶ የድምፅ ባለሙያው ይቀመጣል፤ ከሦስት ክፍል ወዲያ ወረቀት ሲገለጥ ስለሚሰማ ጆሮ እንለዋለን። ከእኔ ጎን የምትቀመጠውን ደግሞ ባለመጋረጃዋ እንላታለን። በእነዚህ ፊልሞች መርማሪው ቢሮ የምትመጣው ሴት ሁልጊዜ ፊቷ ላይ ስስ መጋረጃ የወረደበት ኮፍያ ታደርጋለች፤ ባሏ የሞተባትም፣ ባሏን የገደለችውም፣ ሁሉም የእሷ ድምፅ ናቸው። በአንድ ማይክሮፎን ትከሻ ለትከሻ ነው የምንሠራው። እሷ ስትጨርስ በክርኗ ነካ ታደርገኛለች፣ እኔ እቀጥላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በክርን ተግባብተናል፤ ከሚስቴ ጋር በአፍ ይህን ያህል አልተግባባንም።

ባለፈው ወር ለባለመጋረጃዋ ደብዳቤ መጣላት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የፈረመበት ነው። ከያዝነው ፊልም በኋላ በሌላ ድምፅ እንደምትተካ ይገልጽና ምክንያቱን ይጠቅሳል፦ «ረጅም ንግግር ላይ ትንፋሿ ይሰማል።» ኮሪደር ላይ አቁማ አነበበችልኝ። ስትጨርስ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

«ይሄን ያለው ከእኛው ውስጥ ያለ ሰው ነው» አለችኝ። «አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርማሪ ነኝ ስትል ኖረሃል። እስቲ አንዴ ለእኔ መርምርልኝ። ማን ነው?»

«እሺ» አልኳት። ምን ልበላት? የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንድ ሐሙስ ቀን ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከጠዋት ጀምሮ ሲሳደድ የሚውል ሰው ስጫወት ውዬ ጉሮሮዬ ተልጧል። ጸሐፊዋ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ያዘዘውን አንድ ቅጽ ይዛልኝ መጣች፤ በሥራው የቆየሁት እኔ ስለሆንኩ የምሞላው እኔ ነኝ። «ሊተካ የሚገባው ድምፅ» ይላል፤ ሥር «ምክንያት» ይላል። ታች ሰርቪሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ባዶውን መመለስ እችል ነበር። ነገ እሞላዋለሁ ማለት እችል ነበር። የራሴን ስም መጻፍም እችል ነበር፤ እሱስ ይቅር። የእሷን ስም ጻፍኩ። ምክንያት ሲል መጀመሪያ የመጣልኝን ጻፍኩ፤ ሮጬ ሰርቪሱ ላይ ደረስኩና ቤቴ እስክደርስ ተኛሁ።

እሷ እኔን ብቻ ብላ አልተቀመጠችም፤ ራሷም ምርመራ ጀመረች። ጸሐፊዋን በወሬ ወሬ ጠየቀች፤ «ቅጹን ማን እንደሞላ አይነገርም ተብሏል» አለቻት፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቀች። በሦስተኛው ሳምንት መልሱን አገኘሁት ብላ መጣች። «ትንፋሽ ይሰማል ነው የሚለው። ትንፋሼን ማን ይሰማል? ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የሚውለው ሰው ነዋ» አለችኝ። ጆሮ ነው ማለቷ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ከጎኗ ተለጥፎ የሚውለውን፣ ትንፋሿ ጉንጩ ላይ የሚያርፍበትን ሰውዬ አላሰበችውም። ፊልሞቹ ያስተማሩን ነገር ነው፤ መርማሪው ከተጠርጣሪዎች መሀል አይቆጠርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮን ፊት ነሳችው። ደህና አደርክ ሲላት ስክሪኑን ታያለች። «ምን በድያት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው በእሱ ደረሰ። አላውቅም አልኩት። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ቀናት ተመችቶኝም ነበር፤ በዚህ እስካሁን አፍራለሁ።

የመጨረሻው ቀረጻ ቀን ቀድማኝ ደርሳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጆሮ ገና አልገባም። ከቦርሳዋ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣች።

«ስለ ጆሮ ለሥራ አስኪያጁ የጻፍኩት ነው» አለች። «የመቅረጫውን ችግር በእኔ እንዳላከከ፣ ቀረጻ ሲያበላሽ እንደኖረ፣ ሁሉንም አስፍሬዋለሁ። ከእኔ ሥር ምስክር ብለህ ፈርምልኝ። ሁለት ሰው ከሆንን አይንቁትም።»

«ጡረታው እኮ ስምንት ወር ነው የቀረው።»

«የእኔ ስንት ቀርቶት ነበር? አስቦልኛል?»

እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ተቀበልኩት። እንዲያው ብፈርም ማንም አያውቅም፤ እሷ ነገ የለችም፣ ጆሮም ይከተላታል፣ እኔ እዚሁ በርጩማዬ ላይ እቀራለሁ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ያላሰብኩት ድካሙን ነው። ያን ወረቀት በሆዴ ይዤ፣ አዲስ ከምትመጣ ልጅ ጎን ተቀምጬ፣ እሁድ እሁድ እውነት ሲናገር የሚውለውን ሰውዬ ድምፅ መስጠት። ይህን መሸከም አልቻልኩም።

«ጆሮ አይደለም» አልኳት።

«አጣርተሃል?»

«እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ከዚያ ፊቴን አየችው። አልጮኸችም፤ ወረቀቷን ከእጄ ወሰደችና እጥፋቱን በጥፍሯ አስተካከለችው።

«እሺ፣ ለምን?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«እኮ ለምን?»

«ቅጹ መጣ፤ ሰርቪሱ ሊሄድ ነው። አንድ ስም ይላል። ደክሞኝ ነበር።»

ጠበቀችኝ። ሌላ ነገር እንድጨምር ፈልጋ ነበር፤ ያስታውቃል። ለራሴ ቦታ ፈርቼ ነው ብላት፣ በድምፅሽ ቀንቼ ነው ብላት፣ ከዚህ የተሻለ ነበር። ግን ውሸት ነው። በእኛ ፊልሞች ሰው በፍቅር ይገድላል፣ በቅናት ይገድላል፣ በውርስ ይገድላል። ደክሞት የገደለ አንድም አላጋጠመኝም።

«ምነው በጠላኸኝ» አለች ቀስ ብላ። «ጠልቶኝ ነው ብዬ አርፌ እቀመጥ ነበር።»

ጆሮ ገባ። እንደ ልማዱ ደህና አደራችሁ አለ። ባለመጋረጃዋ ቀና ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ» አለችው፤ ሰውዬው ደንግጦ ቆመ። ከዚያ ማዳመጫዋን አደረገች። «ጀምር፣ ጨርሰን ልሂድበት» አለችኝ።

የቀረን የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነበር። ባሏ የተገደለባት ሴት መርማሪው ቢሮ ቆማለች፤ ውጭ ይዘንባል። የገደለው የቅርብ ወዳጇ እንደሆነ አሁን ነግሯታል። ሴትዮዋ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ «ለምን?» ትላለች። ባለመጋረጃዋ ያችን ቃል እንዳለቻት አድርጋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ክርኗን ጠበቅሁ። አልነካችኝም። የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው የጀመርኩት።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈልኝ መልስ ግሩም ነው። «ስለወደደሽ ነው፤ አሥር ዓመት በመስኮቱ ስትወጪ ስትገቢ ሲያይሽ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስለኖረ ነው።» አንድም ሳልሳሳት አነበብኩት። ጆሮ ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አነሣ፤ በአንዴ ወጥቷል።

ማዳመጫዋን አውልቃ በርጩማው ላይ አስቀመጠች፤ ሁለቱን ገጽ ቀዳድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና ወደ ጆሮ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው። ያ በር ሲዘጋ ድምፅ አያሳልፍም። እኔ ማይክሮፎኑ ጋ እንደቆምኩ በመስታወቱ አየኋቸው። ብዙ ነገረችው፤ እሱ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ሰማት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት። ከንፈር ማንበብ ሥራዬ ነው፤ «ለምን?» ነው ያላት። እሷም «ደክሞኝ ነው አለ» ስትለው አነበብኩ።

ጆሮ የቀረውን እንድትነግረው አፏን እያየ ጠበቃት። የቀረ ነገር አልነበረም።