የሆርዶፋ ጆሮ

ሆርዶፋ በጆሮው ይኮራ ነበር። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዋ ከሥራ ወጥተው አምቦ ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ለልምምድ ሲሰባሰቡ መሪያቸው እሱ ፊታቸው ይቆምና ዐይኑን ይጨፍናል። ከሃያ ዘማሪ መሃል አንዱ ድምፅ ቢስት በስሙ ይጠራዋል። «እንዴት ለየኸኝ?» ሲሉት ትሕትና ይሞክራል፤ አይዋጣለትም።

ይህ ጆሮ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የሞቱማን ኪቦርድ ነበር። ሞቱማ ቀጭን፣ ሳቂታ የጉደር ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡን ያመዋል። ያን ዓመት የአዳራሹን ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ካላደረገ አይተርፍም አሉ። እናቱ አዴ ሙሉወርቅ ግን «ልጄን ቢላዋ አላስነካም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ያሳመናቸው ሆርዶፋ ነው።

«በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል፣ አዴ። እኛው መዘምራኑ በመዝሙር ቤትዎ እናስገባልዎታለን።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በሰው ልጅ ነፍስ እንዲህ ያለ ቃል አይሰጥም። እሱ ግን ሰጠ፤ ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለው። ልጁ ካልተመለሰ እኚያን ሴት በምን ዐይኑ ያያቸዋል?

ሞባይል ያኔ አምቦ ከገባ ቆይቷል፤ ኔትወርኩ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ልምምድ መሃል፣ ሞቱማን ይዘው የሄዱት አጎቱ ኦቦ ኦልጅራ ደወሉ። ሆርዶፋ እየሮጠ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ቆመ።

«ሆርዶፋ... ሞቱማን ገሌራ» አሉ ሽማግሌው በኦሮምኛ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። «ገነማን... ፋርፈቶታ ፊዲ ኮቱ... እናቱ ቤት...»

መስመሩ ጠፋ።

ገሌራ! ገብቷል፣ ቤቱ ገብቷል! በማለዳ ዘማሪዎቹን ይዘህ ና! የምሥራች የሚነግር ሰው ድምፁ ለምን እንዲያ እንደከበደ አልጠየቀም። መንገዱ አድክሟቸው ነው አለ። በማለዳ ለምን እንደሆነም አልጠየቀም። አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሲያበስር ዘማሪው ሁሉ ተቃቀፈ፤ ከበሮው ተመታ።

ያልዘለለችው ነርሷ አቢጊያ ብቻ ነበረች።

«ጋሼ፣ ቀዶ ጥገናው እኮ ትናንት ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በማግስቱ ቤቱ አይገባም። እስቲ መልሰው ይደውሉላቸው።»

ደወለ፤ አይሠራም።

«በትክክል ምን አሉዎት?»

«ገሌራ ነዋ! ጆሮዬን ነው የምትጠራጠሪው? አታሟርቺ፣ ልጄ።»

አቢጊያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር እሷም ማመን ፈልጋ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ለፋሲካ የሚለበሰውን ነጭ ጋዋን ለብሰው በሚኒባስ ጉደር ደረሱ። ከመኪናው ሳይወርዱ ነው መዝሙሩን የጀመሩት፦ «ገባ፣ ገባ፣ ቤቱ ገባ፤ እጁን ይዞ ጌታ አስገባ።» በየአጥሩ ጥግ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን አወናጨፉ። ሆርዶፋ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን አወዛወዘ። የልጁን ነገር ጉደር ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አዴ ሙሉወርቅ በሩን በርግደው ወጡ።

«ምንድን ነው? ልጄ ነው?»

«ገሌራ፣ አዴ! ገብቷል!»

እሳቸውም እልል አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከዘማሪዎቹ መሃል ገብተው ጨፈሩ። ከዚያ በዘማሪዎቹ መሃል አልፈው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ሆርዶፋ ደግሞ እየዘመረ ወደ እሳቸው ቤት ገባ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ጓዳው ባዶ ነው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። በሩ ላይ ተመልሶ ሲቆም አዴ ሙሉወርቅ የሚኒባሱን ወንበር አንድ በአንድ እያጎነበሱ ያያሉ።

«የታለ? ደክሞት ተኝቶ ነው?»

እሱ ልጁ እናቱ ቤት ነው ብሎ፣ እሳቸው መኪናው ውስጥ ነው ብለው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። መዝሙሩ ከኋላ ጀምሮ እየሳሳ ቆመ።

ኦቦ ኦልጅራ ሌሊቱን ከአዲስ አበባ ተጉዘው ጎረቤት ቤት ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ፤ ጎምበስ ብለው ነው የሚራመዱት።

«ምን አደረግህ፣ ሆርዶፋ? መርዶውን ስናረዳት እንድታጽናኑልን ነው እኮ ኑ ያልኩህ። ገሌራ አልኩህ። ወደ ጌታው ገባ።»

የድሮ አማኞች ያመነ ሰው ሲሞት «ሞተ» አይሉም፤ ገባ ነው የሚሉት። ሆርዶፋ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በስንት ቀብር ላይ በገዛ ጆሮው ሰምቶታል፤ በገዛ አፉም ብሎታል።

አዴ ሙሉወርቅ የሚኒባሱን በር እንደያዙ ሰሙ። አልጮኹም። ወገባቸው ላይ ያሰሩትን ነጠላ ለመፍታት ሞከሩ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አለ።

«እልል አልኩ እኮ» አሉ። «ልጄ ሞቶ እልል አልኩ። ሆርዶፋ፣ እልልታዬን መልስልኝ።»

ሆርዶፋ ወደ አጥሩ አፈገፈገ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አስከሬኑ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። መዘምራኑ ሌላ ልብስ ስላልያዙ በዚያው በፋሲካ ጋዋናቸው ከለቀስተኛው መሃል ቆመዋል። ሆርዶፋ ከአጥሩ ጀርባ ተሸሽጎ ነበር። አዴ ሙሉወርቅ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ራሳቸው ፈልገው አገኙት።

«በመዝሙር እናስገባልዎታለን ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር፣ አዴ።»

«በል አስገባው።»

ሳጥኑን ከመኪናው አወረዱ። ሆርዶፋ ከመዘምራኑ ፊት ቆሞ እጁን አነሳ፤ እነሱም የጠዋቱን መዝሙር ያለ ከበሮ ጀመሩ፦ «ገባ፣ ገባ፣ ቤቱ ገባ።» አንድ ድምፅ ከሁሉም ወጥቶ ይንቀጠቀጣል፤ ዜማውን ስቷል። ሆርዶፋ እንደ ልማዱ ዐይኑን ጨፍኖ የማን እንደሆነ ሊለይ ሞከረ፤ አልቻለም። አቢጊያ ተጠግታ ክንዱን ይዛ በጆሮው እስክትነግረው ድረስ ድምፁ የራሱ መሆኑን አላወቀም።