ከቶንፒንግ ወደ ሎሎጎ የተሻገረው ኮርስ

ማናህሎሽ ጁባ፣ ቶንፒንግ በሚገኝ የጤና ድርጅት ውስጥ የሥልጠና ኮርስ አዘጋጅ ናት። ከሠራቻቸው ሁሉ የምትኮራበት አንዱን ነው፤ አዋላጆች ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚያቆሙ በስልካቸው የሚማሩበትን። ትምህርቱ በጁባ አረብኛ ይነገራል። ተራኪዋ ቲና ናት፤ ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ ውኃ የሚፈስ፣ ከከተማዋ ዳር ሎሎጎ በሚባል ሰፈር የምትሠራ ደቡብ ሱዳናዊት አዋላጅ።

አንድ ጠዋት ቲና ቦዳ ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ወርዳ፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ማናህሎሽ ቢሮ ገባች።

«ማኒ፣ ጉድ ስሚ። አዲሱ የማዋለጃ ክፍላችን አለቀ። አልጋው ገብቷል፣ መብራቱ ተገጥሟል። ግን አይከፈትም።»

«ለምን?»

«የሚያስተዳድረው ሌላ ድርጅት ነው። አዋላጆቹ በሙሉ የደም መፍሰስ ሥልጠና ወስደው በራሳቸው ሲስተም ላይ ካልተመዘገቡ አንከፍትም አሉ። ኮርሱ ደግሞ የላቸውም! ከውጭ በእንግሊዝኛ እስኪመጣ ነው የሚጠብቁት። እንደ ባልደረባዬ ፖኒ ያሉት በእንግሊዝኛ ምን ይማራሉ? ዕድሜዋን ሙሉ ስታዋልድ ኖራለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም።»

«የእኛን ለምን አይወስዱም?»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

የዚያን ድርጅት የሥልጠና ሲስተም የሚመራው ቢራራ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሃምሳውን የተጠጋ፣ ቁጥብ ሰው። ቢሮው እዚያው ቶንፒንግ ስለሆነ ማናህሎሽ በእግሯ ሄደች። ነገሩን በትዕግሥት ከሰማት በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«ብትሰጪኝስ ምን አደርገዋለሁ? የሠራሽው እናንተ ሲስተም ውስጥ ነው። ከሌላ ድርጅት አንድ ጊዜ ወስጄ ሞክሬ ነበር። ሥዕሉ ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ተበታትኖ መጣ። መልሼ መግጠም አቃተኝ።»

እውነቱን ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ የገነባችው በራሳቸው ሲስተም ሆድ ዕቃ ውስጥ ነበር።

«በስታንዳርዱ ብሠራውስ?» አለችው።

«በስኮርም?»

«አዎ፣ በስኮርም።»

ስኮርም ኮርሶችና የሥልጠና ሲስተሞች የሚግባቡበት የጋራ ደንብ ነው። በዚያ ደንብ የታሸገ ኮርስ ደንቡን በሚያውቅ በየትኛውም ሲስተም ላይ ይጫናል፤ ተማሪው የት እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንዳመጣ፣ ጨርሶ እንደሆነም ለሲስተሙ ይናገራል።

«ከሀ ጀምሮ መሥራት ነው እኮ» አላት ቢራራ።

«እሠራዋለኋ።»

አለቃዋ አልወደዱትም። «ያለቀ ሥራ ምን ያስነካካሻል?» አሏት።

«ዛሬ ሎሎጎ ነው፤ ነገ ዋው ከተማ፣ ከነገ ወዲያ ቦር ነው። ያው ኮርስ በየድርጅቱ እንደ አዲስ እየተሠራ እስከ መቼ?»

አለቃዋ ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ ግን ሌላው ሥራሽ እንዳይበደል» አሏት።

ሳምንታት ፈጀባት። ቲናም የሥራ ፈረቃዋ ሲያልቅ እየመጣች፣ የግቢው ጄኔሬተር ጠፍቶ ጸጥ እስኪል ጠብቃ፣ አንዳንዱን ክፍል እንደገና ቀዳች። ኮርሱ ሲያልቅ ማናህሎሽ ቢሮዋ ሆና ሞከረችው። ምንም እንከን የለውም። ለቢራራ ላከችለት፤ ጫነው፤ ተከፈተ። የሎሎጎ አዋላጆች መማር ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ቢራራ ደወለ።

«ማናህሎሽ፣ ኮርስሽ አይሠራም። ሁሉም ጨርሰናል ይላሉ። ሲስተሙ ላይ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ‹አልተጠናቀቀም› ነው የሚለው።»

«እኔ ጋ በደንብ ይሠራል። ችግሩ የእናንተ ሲስተም ነው።»

«የእኛ ሲስተም ሌሎቹን ኮርሶች ሁሉ ይመዘግባል!»

ተኳርፈው ስልኩን ዘጉ። ቲና ይህን ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እንበል። እኔ ግን ትናንት አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት በባለሦስት እግር ራክሻ ወደ ከተማ ሸኘሁ። የተነጠፈ አልጋ አጠገቧ እያለ፣ ማኒ!»

ማናህሎሽ ኮምፒውተሯን አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ቢራራ ቢሮ ሄደች።

«ልጣላዎት አልመጣሁም» አለችው። «ጎን ለጎን ተቀምጠን እንየው።»

ቢራራ ወንበር ሳበላት። ቲና ሎሎጎ ሆና ኮርሱን እንደ ተማሪ ጀመረች፤ ሁለቱ ደግሞ ኮርሱ ለሲስተሙ የሚልከውን መልእክት ስክሪን ላይ መከታተል ያዙ።

«ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ» አለች ቲና በስልክ።

ስክሪኑ ላይ ምንም የለም።

«ፈተናውን ጨረስኩ።»

አንዲት መልእክት ብቻ ብቅ አለች፤ ወዲያው ቀላች። ሲስተሙ አልቀበልም ብሎ መልሷታል። ቢራራ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ተማሪዋን አላውቃትም እኮ ነው የሚለው! ለረጅም ጊዜ ምንም መልእክት ካልደረሰው ሰውየው ወጥቷል ብሎ ይዘጋዋል።»

ማናህሎሽ ግንባሯን ያዘች።

«ጥፋቱ የእኔም ነው። ኮርሱ ሁሉንም አጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ብቻ እንዲናገር ነው ያደረግኩት። ስሞክረው ደግሞ ትምህርቱን የማውቀው ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እየነካሁ አለፍኩት። እነሱ ግን እየሰሙ፣ እየደጋገሙ ነው የሚማሩት። ለካ ያለፉት ጥቂቶቹ የቸኮሉት ናቸው!»

«ኔትወርክ ቢቋረጥማ ጭራሽ ሁሉም ይጠፋል።»

«ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ እንዲናገር ላድርገው።»

«እኔም ሲስተሙ ቶሎ እንዳይዘጋ አደርጋለሁ።»

እዚያው ተቀምጠው አስተካከሉት። ቲና እንደገና ጀመረች። አንድ ገጽ፣ አንድ መልእክት። ሌላ ገጽ፣ ሌላ መልእክት። መሐል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠባት፤ ተመልሳ ስትገባ ኮርሱ ካቆመችበት ገጽ ላይ ጠበቃት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ በስሟ ትይዩ ‹ተጠናቋል› የሚል ጽሑፍ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ቁጥቡ ቢራራ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ተመዘገብሽ!»

«ከላስ? አለቀ?» ጮኸች ቲና።

«ከላስ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ አዋላጆቹ እንደገና ገብተው በየተራ ጨረሱ፤ ፖኒም ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አለፈች። ክፍሉ ሲከፈት የሎሎጎ ሴቶች በእልልታና በከበሮ ግቢውን ሞሉት። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ተረኛዋ ፖኒ ነበረች። አልተደናገጠችም። መድኃኒቱን ሰጠች፣ ማሕፀኗን በእጇ አሸች፣ እንደተማረችው አንዱን ከሌላው አስከትላ ሠራች። ደሙ ቆመ። ጠዋት እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ስታጠባ ቲና ለማናህሎሽ ደወለች። ማናህሎሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች።

ወሬው ቶንፒንግን አዳረሰ። ቢራራ የሰፈሩን ድርጅቶች የሥልጠና ኃላፊዎች ሁሉ ሰብስቦ ያንኑ አንድ የታሸገ ኮርስ በየሲስተማቸው ላይ እንዲጭኑት አደረገ። በሁሉም ተከፈተ፤ በሁሉም መዘገበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ከእንግዲህ የሚሠራ ማንኛውም ኮርስ በስታንዳርዱ እንዲሆን እዚያው ተስማሙ።

«ይህን የሠራችው እሷ ናት» አለ ቢራራ፣ ማናህሎሽን በእጁ እያሳየ።

በእንግድነት ከዋው የመጣች፣ ኮርሱ ገና ያልደረሳት አንዲት ኃላፊ ሰው ሳይነሣ ወደ ማናህሎሽ ተጠጋች።

«እኛ ጋ የሚጠብቁ አዋላጆች አሉ። መቼ ትልኪልኛለሽ?»

ማናህሎሽ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

«አሁኑኑ» አለቻት።