ሐሰተኛ የተባለው ስልክ

እናቷ ከሞተች ወዲህ ከልጄ ጋር የምናወራው ነገር አለቀ። ድሮም የምትደውለው ለእሷ ነበር፤ የእኔ ሥራ ከጎን ሆኖ «ሰላም በያት» ማለት ነበር። ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ስጠግን ኖሬ በስተርጅና ፕሮግራሚንግ ልማር ያልኩት ዕውቀት ጠምቶኝ እንዳይመስላችሁ። ልጄ ፕሮግራመር ናት። የእኔ ኮድ ሲበላሽ ትደውላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

የጻፍኩት ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ስልክ ሲመረት የሚሰጠው ባለ አሥራ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር በትክክል መጻፉን ያጣራል። የመጨረሻዋን አኃዝ ለብቻ ያስቀምጥና የቀሩትን ይገለብጣል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ እየዘለለ እጥፍ ያደርጋል፤ እጥፉ ከዘጠኝ ከበለጠ ዘጠኝ ይቀንስለታል። ከዚያ ለብቻ ያስቀመጣትንም ጨምሮ ሁሉንም ይደምራል። ድምሩ በዜሮ ካለቀ «ትክክል»፣ ካልሆነ «ሐሰተኛ» ይላል። ልጄ በላከችልኝ የባንክ ካርድ ቁጥሮች ስሞክረው ሰተት ብሎ አለፈ። ስልክ ላይ ግን አላምንም አለ። ለሚስቴ ከነካርቶኑ የገዛሁላትን፣ መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን እንኳ «ሐሰተኛ» አለብኝ። ደሜ ፈላ።

ኮዱን ለልጄ ላክኩላት፤ ደወለች።

«አባዬ፣ ካርዱ ላይ የመጨረሻዋ ስትነሳ የሚቀሩት አኃዞች አሥራ አምስት ናቸው፤ ከግራም ጀመርክ ከቀኝ፣ እጥፍ የሚሆኑት እነዚያው ናቸው። ስልኩ ላይ ግን አሥራ አራት ስለሆኑ ይለያል። ሳትገለብጠው ነው የጀመርከው።»

«አንቺ ልጅ፣ ገልብጬዋለሁ። መስመሩ ይኸው አይደል?»

ሳቀች። «አንተ በምትማረው ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ እጅህ ላይ ያለው ዝርዝር አይለወጥም። ገልብጥ ስትለው የተገለበጠ አዲስ ይሰጥሃል፤ አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። አንተ አዲሱን ሳትቀበል አሮጌውን ይዘህ ቀጠልክ።»

አስተካከልኩና የመሳቢያውን ስልክ መለያ ቁጥር አስገባሁ። «ትክክል» አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ በምን ሰበብ ትደውላለች?

«አለፈ? የማን ስልክ ነው?» አለችኝ።

«የእናትሽ።»

«ቻርጅ ታደርገዋለህ?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ አንዳንዴ እደውልበታለሁ። ሲጠራ ደስ ይለኛል።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እዚያው አጠገብህ ነው እንዴ የሚጠራው?»

«መሳቢያው ውስጥ። ስምሽ ሲበራ አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አታነሳውም?»

«ለእኔ አልደወልሽማ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።