በሰው ግቢ የበቀለ ምልክት

በእኛ ደሴት ሰው ሚስቱን ለምን እንደፈታ ብትጠይቁት ከነዝርዝሩ ያወራችኋል። ዓሣውን ከየት እንዳወጣ ከጠየቃችሁት ግን «ከባሕር» ብሎ ዝም ነው። ባሕር ላይ አጥር የለም። ዓሣ የሚርመሰመስበትን ቋጥኝ ደግመህ የምታገኘው የብስ ላይ ያሉ ነገሮችን አሰልፈህ ነው፤ ይህ ዛፍ ከዚያ ቤት ጀርባ ሲገባ፣ ያ ጉብታ ከዚህ ደሴት ጫፍ ጋር ሲገጥም መልሕቅ ይጣላል። ምልክቱን አባት ለልጁ በጆሮው ሹክ የሚለው ሊሞት ሲል ነው። አንዳንዱማ ከመዳን ተስፋ ስለማይቆርጥ ይዞት ይሄዳል።

በፓቴ ደሴት ትልልቁን ዓሣ የሚያወጡት ሙዜ ኮምቦ ናቸው፤ ሙዜ የምንለው በዕድሜ የገፋውን ነው። ጎረቤታቸው ቡዋናዲ ቦታቸውን ለማወቅ ያልሞከረው የለም። በጀልባ ሲከተላቸው መልሕቃቸውን ነቅለው የዓሣ ዘር ወዳልዞረበት ቦታ ይሄዱና እያፏጩ ይቀመጣሉ። ቡዋናዲም እዚያው ጥላውን ሲያጠምድ ይውላል።

አክስቴ ምዋናሻ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመስጊዱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ከእናቷ በወረሰችው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ሞምባሳ ያለው ልጇ ቆርቆሮ ላከላትና የድሮውን የዘንባባ ክዳን አንሥተን መታንላት። ግቢዋ ውስጥ ከደሴቱ ዛፍ ሁሉ የረዘመ፣ ወገቡ የጎበጠ ኮኮናት አለ። ፍሬው በዘንባባው ክዳን ላይ ሲወድቅ ኖሮ ማንም ልብ አላለውም። ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ግን መድፍ ሆነ። አክስቴ «መጥረቢያ ይዘህ ና» አለችኝ።

የመጀመሪያውን እንዳሳረፍኩ ሙዜ ኮምቦ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እያለከለኩ ገቡ።

«አቁም! አንተ ልጅ፣ አቁም!»

«ምነው በደህና?» አለች አክስቴ።

«ዛፉ እኮ… ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ መሆኑን ጣሪያዬ ነግሮኛል።»

«ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፣ ምዋናሻ።»

«ባለፈው ለጀልባዎ ምሰሶ የቆረጡት ታዲያ ምን ነበር?»

ሙዜ ኮምቦ ትንሽ አሰቡ። «እሱ አጭር ነበር» አሉ።

አክስቴ ለሳምንት ታገሠቻቸው። ወሬው ግን አልታገሠም። ማታ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ጀልባ ስንጎትት ቡዋናዲ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰዎች፣ ሙዜ ኮምቦ ለአንድ ዛፍ ሊሞቱ ነበር አሉ! የዛፉን ጥላ ወደው ነው ወይስ የዛፉን ባለቤት?» አለ።

ሁሉም ሳቀ። ሙዜ ኮምቦ ገመዱን ለቀቁት። «አልወደድኩም» ቢሉ ቡዋናዲ «ታዲያ ዛፉ ምን ያደርግልዎታል?» ሊል ነው፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ከባሕር ዞሮ ዛፉን ሊያይ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልብ መቼ ያረጃል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። የወደደ ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥምና ዓሣ መላክ ጀመሩ፤ ያውም ምርጥ ምርጡን። አክስቴ በኮኮናት ወተት ትሠራዋለች፣ እኔም ከሩዙ ጋር እበላለሁ። በዚያ ሳምንት ከእኔ የበለጠ የፍቅር ጠበቃ በደሴቱ አልነበረም። ሽማግሌዎች ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ለጋብቻ ጥያቄ መጡ። አክስቴ «አላህ ይስጣችሁ፤ ራሳቸው ይምጡ» ብላ መለሰቻቸው።

ሙዜ ኮምቦ መጡ። አክስቴ እንደ ልማዷ ዛፉ ሥር ተቀምጣ ምንጣፍ ትሠራለች። እኔ ቆርቆሮው ላይ ሚስማር እመታለሁ።

«ሙዜ ኮምቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የፈለጉት እኔን ነው ዛፉን?»

ሙዜ ኮምቦ ዓይናቸውን ወደ ግንዱ ላኩ።

«ቢዋሹኝ መጥረቢያው ያው።»

ሽቅብ እኔን አዩኝ። ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ፤ ጆሮዬን ግን የማዞርበት መንገድ አላገኘሁም።

«ዛፉን» አሉ በመጨረሻ፣ ልክ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው። «ከባሕር ሆኜ ሳየው ከመስጊዱ ሚናራ ጀርባ ሲገባ… ቦታው እዚያ ነው። አባቴ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ። ዛፉ ከወደቀ እኔ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነኝ፣ ምዋናሻ። ብነግርሽም ጠፋሁ፣ ባልነግርሽም ጠፋሁ። ይኸው ነገርኩሽ።»

አክስቴ ሣቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ተነሥታ ምንጣፏ ላይ አስቀመጠቻቸውና ጀርባቸውን ከግንዱ አስደገፈቻቸው።

«ምን ይታይዎታል?»

«ሚናራው።»

«ከሚናራው ወዲያስ?»

«ባሕር።»

«ጀልባዎ በየጠዋቱ እዚያ ሚናራው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሸራዋ ልክ እንደ ሁለተኛ ጨረቃ። እናቴ የአባትዎንም ጀልባ እዚያው ነበር የምታሳየኝ። እናንተ ከባሕር ወደዚህ ስታዩ እኛ ከዚህ ወደ ባሕር እናያለን እኮ!»

ሙዜ ኮምቦ ከግንዱ ቀና አሉ።

«እናንተ ማለት… እነማን?»

«ምንጣፍ የምንሠራ ሴቶች ሁሉ።»

«ለቡዋናዲ የነገረው አለ?»

«ቡዋናዲ ጠይቆን ያውቃል? ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ ስለ ዓሣ ሴት የጠየቀ አለ?»

ዕፎይታው ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየሁት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት።

«የቡዋናዲ ቦታስ የት ነው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አፈር ብይ በሉኝ እንጂ አልነግርዎትም! እርስዎንም የጠበቀው ይኸው አፌ ነው።»

በማግሥቱ ሙዜ ኮምቦ አሮጌ መረብ ይዘው መጡ። እኔ ወጥቼ ከዛፉ አናት በታች ዙሪያውን አሰርኩት። አሁን ኮኮናቱ መረብ ውስጥ ይወድቃል፤ ጣሪያውም ሰላም አገኘ። ዛፉ ግን ከሩቅ ሲያዩት ራሱን እንደታመመ ሰው ሻሽ ያሰረ ይመስላል።

ዓሣው አልቀረም። አክስቴን «ለምን ይልካሉ?» ብላት «ብላና ዝም በል» አለችኝ። ሙዜ ኮምቦ ጠዋት ጠዋት መልሕቃቸውን ከጣሉ በኋላ እጃቸውን ወደ ጉብታው ማንሣት ለምደዋል። ቡዋናዲ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣

«ሙዜ፣ ሰላምታው ለማን ነው?» ይላቸዋል።

«ለዛፉ» ይላሉ ጮክ ብለው።

እውነታቸውን ነው፤ ቢያንስ ግማሹን። ቡዋናዲ ግን እዚያ የቆሙት አክስቴን ለማየት መስሎት «ፍቅር እንዲህ ያደርጋል» እያለ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ በዚያው ሲፈልገው በኖረው የዓሣ ቋጥኝ ላይ አቋርጦ ወደ ባዶው ባሕር ይቀዝፋል።