ጥርት ያለው መጋዝ

ታላቅየው ፎቶ አንሺ ነው፤ ያውም ብዥ ያለ ፎቶ ሲያይ ደሙ የሚፈላ። ታናሽየው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት የመጋዙ ኃላፊ ነበር። አንድ ሠራተኛ መጋዙ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ግን እስር ቤት ነው። የመሰንጠቂያ ቤቱ ባለቤት፣ የመጋዙ መከላከያ ክዳን የሚነሳው መጋዙ ቆሞ ሲጸዳ ብቻ ነው፣ ያን ቀን ክዳኑን ከፍቶ መጋዙን ያስነሳው እሱ ነው ብሎ ጣቱን ቀሰረበት። ታናሽየው ደግሞ ክዳኑ በባለቤትየው ትእዛዝ ከተነቀለ ዓመት አልፎታል ብሎ ይምላል። የሥራ ባልደረቦቹ እንባረራለን ብለው አፋቸውን ለጎሙ።

ታላቅየው አንድ ነገር ትዝ አለው። ከአደጋው ሁለት ወር በፊት ባለቤትየው ለማስታወቂያ ብሎ አስጠርቶት ያንኑ መጋዝ አንስቶታል። ክዳን አልነበረውም፤ ባዶውን እየተሽከረከረ ነበር። ወንድሜ ተረፈ ብሎ ፎቶውን ፈልጎ አወጣ።

ወይ ጉድ! የመጋዙ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የቆመ ነው የሚመስለው። በገዛ እጁ ነው የሠራው። መጀመሪያ የካሜራውን መዝጊያ ዘግየት አድርጎ ቢያነሳ መጋዙ ግራጫ ጭጋግ ሆነበት፤ ተናዶ አጠፋው። ከዚያ መዝጊያው ለሰከንድ ስምንት ሺህኛ ብቻ እንዲከፈት አደረገው። በዚያች ቅጽበት የሚገባው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ፎቶው ጠቆረ። ሁለት ትልልቅ መብራት ተከራይቶ አመጣና፣ የሚበረውን መጋዝ ፎቶው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ያን ጊዜ እንዴት ኮርቶ ነበር!

ያም ሆኖ ክዳኑ አለመኖሩን ያሳያል ብሎ ፍርድ ቤት ይዞት ሄደ። ፎቶው ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ዐቃቤ ሕጉ ደስ አለው፤ ይኸው ክዳኑ ተነስቷል፣ መጋዙም ቆሟል፣ ባለቤቱ እንዳሉት ነው አለ። ታላቅየው ስለ መዝጊያው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ አስረዳ።

ዳኛዋ ሰምተው ጨረሱና፣ "የቆመ መጋዝ በዚሁ ፍጥነት ቢነሳ ምን ይመስላል?" አሉት።

"ይህንኑ" አለ።

ስምንት ዓመት ተፈረደ። ታናሽየው በካቴና ሲያልፍ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ አደራህን፣ ፎቶውን ለእማዬ እንዳታሳያት። ጥፋተኛ ነው ብላ ታምናለች" አለው።

ታላቅየው እሺ አለ። እናታቸው ግን፣ ታናሽየው ሳያያት፣ ከታላቅየው ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጣ ነበር። ፎቶው ስክሪኑ ላይ እንደወጣ የታላቅየውን እጅጌ ጎትታ፣ "መጋዙ ቆሞ የለም እንዴ ልጄ?" ብላው ነበር።