በጣና የሌለ ዓይን

ጓድ አንዳርጋቸው የዓሣ ዓይን በቢላ ነክቶ አያውቅም። ዓሣ ማወቁንስ ያውቃል፤ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሐይቁ ዳር ወንበር ተዘርግቶለት። የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ያደረገው ግራ እጁ ነው፤ በየስብሰባው ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል።

በዚያው ክፍል የምትመራመረው ፀሐይወርቅ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወርዳ፣ ከደቅ ደሴት በታንኳ ከሚመጡት ዓሣ አጥማጆች ሕይወት ያለው ነጭ ዓሣ እየመረጠች፣ በባልዲ ተሸክማ ኮሌጁ ትገባለች። የዓሣው ዓይን በጨለማ ማረፍ ስላለበት መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ዘግታ፣ በቀይ አምፖል ጭላንጭል ሬቲናውን ትገልጣለች። ሬቲና ማለት ከዓይን በስተኋላ የተነጠፈች ስስ ሽፋን ናት፤ ብርሃን ተቀብላ መልእክቱን ወደ አንጎል ትልካለች። ፀሐይወርቅ የነርቭ ሴሎቿን ቀለም እያጠጣች፣ በማይክሮስኮፕ እያየች አንድ በአንድ ትስላቸዋለች። ወገቧ ጎበጠ፣ የራሷም ዓይን ደከመ። አንዳርጋቸው በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ብቅ ብሎ ነበር፤ "ይሸታል" ብሎ ወጣ።

መስከረም 1977 ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ግን ሽታው ጠፋለት። ከምሥራቅ ጀርመን የሚመጣ አንድ ፕሮፌሰር፣ ሥራውን የወደደለትን አንድ ተመራማሪ ከነረዳቱ ወስዶ በትልቅ ማይክሮስኮፕ ሊያሠራ ነው ተባለ። ፀሐይወርቅ እዚህ ባላት መሣሪያ ከደረሰችበት አታልፍም፤ ይህ ዕድል ካመለጣት ሥራዋ ቆመ ማለት ነው።

በዕለቱ ጠዋት አዳራሹ ስትገባ ትልቁ ሥዕሏ ተሰቅሏል። በእርሳስ የጻፈችው ሁሉ፣ ስሟም ጭምር፣ በላጲስ ጠፍቷል። ግርጌው ላይ "ጓድ አንዳርጋቸው" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ይባስ ብሎ ሥዕሉ ተዘቅዝቋል! መፈክር ጻፊው ደግሞ ከበላዩ ሰሌዳው ላይ ፀሐይ ስሎ፣ ጨረሯን ቁልቁል ለቆበታል።

"ጓድ፣ ገልብጠው ሰቀሉት እኮ" አለችው። "በዓሣም በሰውም ዓይን ብርሃን ተቀባዮቹ ሴሎች ከኋላ ናቸው። ብርሃኑ ነርቮቹን አልፎ ነው የሚደርሳቸው። አይቼ ነው የሳልሁት።"

"ብርሃን ተቀባይ ከኋላ ቆሞ? አንቺ ነሽ የገለበጥሽው፤ እኔ አስተካከልኩልሽ!"

አቤት ድፍረት! ተፈጥሮን የሚያርም ካድሬ! ፀሐይወርቅ ሳቅ ቃጣት፤ ንዴቷ ቀደመው።

ፕሮፌሰሩ መጣ። ሥዕሉን አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። በአስተርጓሚው በአምባቸው በኩል፣ "እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ኦክቶፐስ የሚባለው፣ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ጣና ውስጥ አለ እንዴ?" ሲል ጠየቀ።

"ሞልቷል!" አለ አንዳርጋቸው ደረቱን ነፍቶ። ወዲያው ወደ ፀሐይወርቅ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "አለ በይው። ረዳቴ አድርጌ ይዤሽ እሄዳለሁ" አላት።

እሱ ብሎ ይዞ ሂያጅ!

"በጣና እንዲህ ያለ ፍጡር የለም" አለች ጮክ ብላ። "ሥዕሉ የእኔ ነው፤ ዘቅዝቀው የሰቀሉት እሳቸው ናቸው።"

አምባቸው አንዳርጋቸውን አየና በጀርመንኛ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። ያን ሁሉ ንግግር በሁለት ቃል! "አዎ፣ አለ" ማለቱ መሆን አለበት። ፕሮፌሰሩ ራሱን ነቀነቀና ፀሐይወርቅን ከላይ እስከ ታች አያት። እሷ አንዳርጋቸውን የምታይበት ዓይን ነበር። ስድስት ዓመት የለፋችው ከዚህ ሰውዬ እኩል ለመናቅ ነው?

ፕሮፌሰሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዘችው። ከሥዕሉ አራት ጥግ ሚስማሮቹን ነቀለች፤ ወረቀቱን ገልብጣ ከተሳለችው ፀሐይ ሥር በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ነርቮቹ ወደ ላይ መጡ፣ ብርሃን ተቀባዮቹ ወደ ታች ወረዱ። የጓድ አንዳርጋቸው ስም አናቱ ላይ ተዘቅዝቆ ቀረ።

"አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው!" ብሎ ጮኸ አንዳርጋቸው።

ፕሮፌሰሩ ሥዕሉን አየ፤ ቀጥሎ የተዘቀዘቀውን ስም፤ ከዚያም ቀለም የበላቸውን ጣቶቿን። አምባቸው ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጁ ዝም አሰኘውና ብዕሩን ለፀሐይወርቅ ዘረጋላት።

ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ደግፋ ከግርጌው ስሟን ጻፈች። አንዳርጋቸውን ዞር ብላም አላየችው።