የጋቢናው ቀኝ ወንበር

«ከተነሳሽበት ልትመለሺ ከሆነ ለምን ትነሻለሽ?»

አባቴ ይህን የጠየቁኝ ምሳ እየበላን ነው። አባቴ ደገፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዳማ ጅቡቲ ተሳቢ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ጉዞ ማለት ጭነት ማድረስ ነው፤ ባዶ መኪና መንዳት ሹፌርን ያሳፍራል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከወለንጪቲ ወዲህ ባለው የጋሽ ባጫ እርሻ ላይ ካለች አቧራማ ሜዳ፣ በእሱው ትንሽ አውሮፕላን እነሳለሁ። ማንንም ሳላደርስ፣ ምንም ሳልጭን ሰማይ ላይ ዞሬ እዚያው አርፋለሁ።

መብረር የተማርኩት ደቡብ አፍሪካ የውሃ ምህንድስና ሳጠና ነው። ከተመለስኩ ቆይቻለሁ፤ መመለሴን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዱን ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁትም። ወንድሜ ዳዊ አባባን «አንተ» እያለ ይቀልድባቸዋል። እኔ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ሊቀበሉኝ ሲመጡ አፌ «እርስዎ» አለና እዚያው ቀረ። የት ልኑር፣ ምን ልሥራ እያለ ሌት ተቀን የሚያስጨንቀኝ ነገር ጎማው መሬት ሲለቅ ጸጥ ይላል። አባቴ ያንን ጸጥታ አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ፈለግሁ።

ብዙ ጊዜ አልነበረንም። ሐኪም የአባባን ዓይን ግላኮማ ነው ብሎታል። የዓይናቸው ብርሃን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፤ የጠፋው አይመለስም። ጋሽ ባጫም አውሮፕላኗን ሊሸጣት ገዢ እያፈላለገ ነበር።

«የፊታችን ቅዳሜ አብረን እንብረር አባባ» አልኳቸው። «ባለ ሁለት ወንበር ናት። እርስዎ በቀኝ በኩል፣ በረዳቱ ቦታ ይቀመጣሉ።»

የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡ። «አመሰግናለሁ፤ እኔ አልሄድም» ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።

ከፍታ የፈሩ መሰለኝ። ዳዊ ግን ሳቁን እንደምንም ይዞ ያየኛል። እሱ የአዳማ ዱከም ሚኒባስ ነጂ ነው።

«ፓይለቷ፣ ምን እንዳልሽው ታውቂያለሽ?»

«የረዳት አብራሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ነው ያልኩት።»

«አብራሪ የሚለውን መቼ አወጣሽው? ረዳት ላይ ነው ያቆምሽው። ረዳት ማለት ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያደርግ፣ ሸራ የሚያስር፣ ሹፌሩ ሲተኛ መኪና የሚጠብቅ ነው። ስንቱን ረዳት አሰልጥኖ ሹፌር ያደረገ ሰውዬ ዛሬ ዓይኑ ቢደክምበት፣ ከውጭ የመጣች ልጁ ና ረዳቴ ሁን አለችው።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አላልሽም። እሱ ግን እንደዚያ ነው የሰማው።»

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የአውራ ጎዳናውን ድምፅ ሲያዳምጡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ትናንት በደንብ አላስረዳሁዎትም። አውሮፕላኗ በግራም በቀኝም መሪ አላት።»

«ሁለት መሪ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ሹፌር ያለው መኪና ገደል ነው የሚገባው።»

«ስለዚህ አንደኛው ዝም ይላል።»

«ማነው ዝም የሚለው?»

«ሄደን እናያለን።»

አፍንጫቸውን አሻሹ። ሳቅ ሲመጣባቸው እንደዚያ ያደርጋሉ። «ላይ ብርድ ነው?» አሉ። «ጃኬት ልያዝ?»

ቅዳሜ ዳዊ በሚኒባሱ አደረሰን። አባባ አውሮፕላኗን አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ጎማዋን በእግራቸው ነካ አደረጉና «ባጃጅ ናት እንዴ?» አሉ። ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። ከዚያ እንደ ልማዴ ከመነሳቴ በፊት የማጣራውን ሁሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መጥራት ጀመርኩ። ነዳጅ፣ ክፍት። ዘይት፣ ሙሉ። መሪ፣ ነፃ። በር፣ ዝግ። ቀና ስል አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሳቸው ሳይጸልዩ ሞተር አስነስተው አያውቁም።

«አሜን» አሉ፣ ስጨርስ።

አላረምኳቸውም።

ተነሳን። በስተኋላችን ከአዳማ በላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማማዎች እያነሱ ሄደው ጠፉ። አባባ ፊት ለፊት ብቻ ነበር የሚያዩት።

«መንገዱ የታለ?»

«በስተቀኝዎ፣ ታች።»

ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ አዞሩ። የጅቡቲ አስፋልት ከወለንጪቲ ወዲያ ይዘረጋል፤ ከባድ መኪኖች ተራ በተራ ይሄዱበታል። ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አደረጉ። «ያ ቦቴ ነው። ያ ደግሞ ማዳበሪያ ጭኗል፣ አካሄዱ ያስታውቃል።» ይወቁት ይገምቱት አላውቅም። ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ጣታቸውን ከመስኮቱ አነሱና፣

«ቤት ስሆን በሩ እንኳ ግማሹ ነው የሚታየኝ» አሉ። «እዚህ ግን ወለንጪቲም ገባ፣ የቦሰት ተራራም ገባ። ሁሉም ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ኢንታላ ኮ።»

ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የሚሉኝ ሕፃን ሳለሁ ነበር።

የተፈቀደልን ክልል እዚያ ላይ ያበቃል። ለመመለስ ወደ ግራ ሳዘነብል የቀኙ ክንፍ ተነሳ፤ መንገዱም ከመስኮታቸው ወጥቶ ሰማይ ብቻ ቀረላቸው። አባባ ሁለት እጃቸውን ሰደው መሪውን ያዙ፤ መንገዱን ሊመልሱት። አውሮፕላኗ ተንገጫገጨች።

«ልቀቀው! አባባ፣ ልቀቀው አልኩህ።»

ለቀቁት። እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደ ተማረከ ሰው ተቀመጡ። አስተካክዬ ያዝኩ።

«አልኩህ አልሽኝ» አሉ።

«ይቅርታ፣ ደንግጬ…»

«ተይው። ዛሬ ገና ከውጭ አገር ገባሽ።»

ከዚህ በኋላ «አሉ» ብዬ መጻፍ አይሆንልኝም።

ካረፍን፣ ሞተሩም ከጠፋ በኋላ አባቴ አልወረደም።

«ለምን ተመለስን?» አለኝ።

«ፈቃዱ እስከዚያ ድረስ ነው።»

«መተሐራ እኮ ትንሽ ነበር የቀረን። ከዚያ አዋሽ ነው። ያንን መንገድ ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ ነድቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ተረጋግቼ አላየሁትም።»

«ፈቃድ የሚያወጣው ጋሽ ባጫ ነው። እጠይቀዋለሁ።»

«ዓይኔ ሳይዘጋ ጠይቂው» አለ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል።

እዚያው ሜዳው ዳር ቆሜ በቴሌግራም ጻፍኩ። «ጋሽ ባጫ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እስከ አዋሽ የሚያደርስ ፈቃድ እንዲያወጡልኝ እለምንዎታለሁ። ሁለት ሰው ነን።»

አነበበው። አልመለሰም። ስደውልለት ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

ቅዳሜው አለፈ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ከክፍሉ ሲወጣ በሩ ላይ ይቆማል። ፊቱን ቀስ እያለ ከወዲያ ወዲህ ያዞራል፤ በቀረችው ጠባብ ብርሃን መሃል እስኪያገኘኝ ድረስ። ሲያገኘኝ «ጻፈልሽ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ።

ትናንት ደግሜ ጻፍኩ። «ጋሽ ባጫ፣ ሸጠዋት ከሆነም ይንገሩኝ። ማን እንደገዛት ብቻ። ሄጄ እለምነዋለሁ።»

ይህንንም አነበበው።